ከ1957 ወዲህ ያልተነካው ቤዝ፦ ፕሪሲሽን ለምን አልሞት አለ?

ባለአራት_ክር (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ከባንዳችን ልጆች ጋር የያዝነውን ክርክር እዚህ ላምጣው፤ እዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር ሳይቋጭ ቀረ።

ጥያቄው ይህ ነው። ፌንደር ኩባንያ የሠራው ፕሪሲሽን የተባለው ቤዝ ጊታር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ደግሞ በ1957። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጣ፦ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ክር ቤዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ቤዙ ውስጥ ሆኖ ድምፁን የሚያጠነክር)፣ ራስ የሌለው ቤዝ፣ በካርቦን የተሠራ ኔክ (የመሣሪያው አንገት)። ታዲያ ዛሬም የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ብትገቡ ከርካሹም ከውዱም መካከል ያው የ1957ቱ ቅርጽ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። አንድ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው)፣ አንድ የቮሊውም ማዞሪያ፣ አንድ የቶን ማዞሪያ። ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያቆየው ምንድን ነው?

የእኛ ኪቦርዲስት «ናፍቆት ነው» ይላል። አልስማማም። እኔ እንደማምነው ያቆየው ፒካፑ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ኮንትሮባስ (ቆሞ የሚመታውን ትልቅ የእንጨት ቤዝ) ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ተቸግሮ ነበር። ድራሙ ይጮሃል፣ ትራምፔቱ ይጮሃል፣ ጊታሩም በኤሌክትሪክ መጮህ ጀምሯል፤ እሱ ግን አይሰማም። ሊዮ ፌንደር ጊታር የማይጫወት፣ ፉለርተን በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ችግሩን ያየው በጠጋኝ ዓይን ነው። አካሉ ድፍን እንጨት፣ ኔኩ ላይ 20 ፍሬት (ኖታዎቹን የሚለዩ የብረት መስመሮች)፣ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር ግድም፤ ከኮንትሮባስ ያጠረ፣ ከጊታር የረዘመ። ፍሬት ስላለው ጣትህን በግምት አታሳርፍም፤ ኖታው እዚያው ይጠብቅሃል። ከእሱ በፊት በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ ፖል ታትማርክ የሚባል ሰው እንደ ጊታር ታቅፎ የሚመታ፣ ፍሬት ያለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ገበያ ግን አላገኘም። ሊዮ መሣሪያውን ብቻ ሠርቶ አልተወም፤ በዓመቱ ድምፁን የሚሸከምለትን ባስማን የተባለ አምፕ አስከተለ። ሞንክ መንገመሪ በላዮነል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ ይዞት ሲቆም የጃዝ ሰዎችም ጆሮ መስጠት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሞዴል ፒካፕ አንድ ጥቅል ነበር፣ ለእያንዳንዱ ክር አንድ ማግኔት። ክሩ ከማግኔቱ አናት ላይ ስለሚያልፍ ስትመታው ድምፁ በድንገት ይፈነዳል፣ የዚያን ዘመን ስፒከር ይፈታተናል። በ1957 ፒካፑ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ለእያንዳንዱ ክር ሁለት ማግኔት ተደረገ፣ ክሩ በሁለቱ መሃል እንዲያልፍ። ያ የመጀመሪያ ፍንዳታ ረገበ፣ ኖታው ግን ወፍሮ ቀረ።

ቦታውስ? ክሩን ወደ ኔኩ ተጠግታችሁ ስትመቱት ይወፍራል፣ ይደበዝዛል፤ ወደ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ ወደሚያርፍበት) ስትጠጉ ይጠራል፣ ይቀጥናል። ፒካፕም የሚሰማው እንደዚያው ነው። የፕሪሲሽኑ በሁለቱ መሃል ላይ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ የወፍራሞቹ ክሮች ግማሽ ወደ ኔኩ፣ የቀጫጭኖቹ ግማሽ ወደ ብሪጁ ፈቀቅ ብሏል። ወፍራሙ ክር ሆዱ ይሞላል፣ ቀጭኑ ከባንዱ መሃል ተለይቶ ይወጣል። ለባንድ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ እስካሁን አልሰማሁም። እናንተስ?


ሁለት_ፒካፕ (አዳማ)፦

ባለአራት ክር ወንድሜ፣ ታሪኩን ጥሩ አድርገህ አስቀምጠኸዋል፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም።

ፕሪሲሽን ትክክል የሚመስለን ጆሯችን በእሱ ስላደገ ነው። የ1960ዎቹን ቅጂዎች አስባቸው፦ ሜምፊስ ስታክስ በተባለው ሸክላ ቤት ዶናልድ «ደክ» ደን፣ ሎስ አንጀለስ ካሮል ኬይ፣ ዲትሮይት ሞታውን በተባለው ሸክላ ቤት ጄምስ ጀመርሰን። ሦስቱም ፕሪሲሽን ይዘው ነበር። ዓለም «ቤዝ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ የተማረው ከእነዚያ ሸክላዎች ነው። ሌላ መሣሪያ ይዘው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ፒካፕ ቦታ እናወራ ነበር።

ሌላው፣ ሠሪው ራሱ አልረጋበትም። በ1960 ጃዝ ቤዝን አወጣ፦ ሁለት ፒካፕ፣ ወደ ራሱ እየጠበበ የሚሄድ ኔክ። በ1965 ባለ አምስት ክር ሞከረ። በዚያው ዓመት ኩባንያውን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላም እጁን አላጣጠፈም፤ በ1976 በሚውዚክ ማን ስም ፕሪአምፕ ያለውን ስቲንግሬይ አመጣ፣ ቀጥሎ ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1991 እስኪሞት ድረስ ቤዝ ሲያሻሽል ኖረ። አባትየው አልፎት የሄደውን እኛ ለምን ሙጭጭ እንላለን?

የእኛም ሥራ ሌላ ነው። በአንድ የሰርግ ማታ ጉራግኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሬጌ ትመታለህ። ሙሽሮቹ ሲገቡ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ጭፈራው ሲሟሟቅ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያስፈልግሃል። ዘፋኙ ቶኑን ዝቅ አድርጉልኝ ሲል ደግሞ ከኢ (ከወፍራሙ ክር) በታች የምወርድበት ክር እፈልጋለሁ። አንድ ፒካፕና አራት ክር ይዤ የት እደርሳለሁ?


ካቻቪቴ (አዲስ አበባ)፦

እንጀራዬ ጥገና ስለሆነ ከድምፁ በፊት ብሎኑን አያለሁ።

ፕሪሲሽን የቆየው ሲበላሽ የሚገባህ መሣሪያ ስለሆነ ነው። ኔኩ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ከጠመመ በውስጡ ባለው የብረት ዘንግ ታቃናዋለህ፤ እምቢ ካለ ፈትተህ ሌላ ትገጥማለህ። ልኩ አንድ ስለሆነ ከየትም የመጣ ኔክ በትንሽ ማስተካከያ ይገባለታል። ሽፋኑን ስታነሳው ሁለት ባለ 250 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ማዞሪያ)፣ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ የጃክ መሰኪያ፤ በቃ። ሬዲዮ ጠግኖ የሚያውቅ ሰው አይቶት ወዲያው ይረዳዋል፣ የሠራውም ሬዲዮ ጠጋኝ ነውና። በባትሪ የሚሠሩት ቤዞች ግን ፕሪአምፓቸው ሲቃጠል መለዋወጫው አገር ውስጥ ይጠፋል። ደንበኛው መሣሪያውን ጥሎልኝ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ባለአራት ክር ሳያነሳ ያለፈውን ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ትልቁ ይህ ነውና። ፒካፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት ይሰማል፤ በአካባቢው ያለውን የመብራት ጉምጉምታም አብሮ ይሰማል። የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49 ሄርዝ ነው። ስለዚህ ጉምጉምታው የሚቀመጠው ልክ ቤዙ በሚኖርበት ሰፈር ነው፤ በፍሪኩዌንሲ ቆርጠህ ልጣልህ ብትለው የራስህን ኖታ ይዞብህ ይሄዳል።

የ1957ቱ ፒካፕ ሁለት ጥቅል ነው። የአንዱ ማግኔት ሰሜኑ ወደ ላይ፣ የሌላው ደቡቡ ወደ ላይ፤ ሽቦዎቹም የሚጠመጠሙት በተቃራኒ አቅጣጫ። ጉምጉምታው በአንዱ ሲወጣ በሌላው ይወርዳል፣ እርስ በርሱም ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ምንም አይቀነስበትም፣ እያንዳንዱ ክር የሚያልፈው በአንዱ ጥቅል ላይ ብቻ ነዋ። ጊታር ላይ ያለውን ሃምበከር ካያችሁ፣ ሁለቱም ጥቅሎች ያንኑ አንድ ክር ከሁለት ቦታ ስለሚሰሙት ከላይ ያለው ጥራት ይለዝባል። የፕሪሲሽኑ ጉምጉምታውን አጥፍቶ የአንድ ጥቅልን ጥራት ያቆያል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ይህን ያህል ትልቅ ችግር ሲፈታ ብዙ አላየሁም።

ድንኳን ውስጥ፣ ከኒዮን ሥር፣ ጀነሬተር አጠገብ የተጫወተ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ወንድሜ ሁለት ፒካፕ፣ የአንተ ጃዝ ቤዝ ሁለቱም ፒካፕ እኩል ሲከፈት ጸጥ ይላል፤ አንዱን ዝቅ ስታደርገው ግን ጉምጉምታው ይመለሳል። አሁን የሚሸጡ ጸጥ ያሉ ፒካፖች አሉ፤ መጀመሪያ የተሠራው ግን እንደዚያ ነበር።


ገና_ጀማሪ (ሐዋሳ)፦

የተከበራችሁ፣ ከእናንተ ብዙ እየተማርኩ ነው። ጊታር ነው የምጫወተው፤ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ባንድ ውስጥ ቤዝ ያዝ ተብዬ ልጀምር ነው። አንድ ጥያቄ፦ ድምፁ በሁለት ማዞሪያ ብቻ ከሆነ ተጫዋቾቹ ለምን አንድ ዓይነት አይሰሙም? ካሮል ኬይንና ደክ ደንን አዳመጥኳቸው፤ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይመስልም።


አንጋፋው_ከሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፦

ልጆች፣ ደስ የሚል ውይይት ይዛችኋል። ገና ጀማሪ ላነሳው ጥያቄ መልሱ እጅ ነው። ካሮል ኬይ ከጊታር የመጣች ናት፣ ጠፍጣፋ ክር በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) ትመታለች፣ ድምፁ እንዲቆረጥላትም ክሩን ታፍነዋለች። ደክ ደን በጣቱ ነው። ማዞሪያው ሁለት ብቻ ሲሆን የቀረውን እጅህ ይሞላዋል።

ጀመርሰንን ግን ለብቻው ላንሳው።

ሰውየው በ1936 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ተወለደ፣ በጉርምስናው ዲትሮይት ገባ፣ መጀመሪያ የተማረው ኮንትሮባስ ነው። ሞታውን ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ ላይ ባለ መኖሪያ ቤት በነበረ ህንፃ ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ ሲከፍት ከዋናዎቹ ሙዚቀኞች አንዱ ሆነ። የሚታወቅበት ቤዝ የ1962 ፕሪሲሽን ነው። ክሩ ላ ቤላ፣ ጠፍጣፋ ጥምጥም ያለው፣ ውፍረቱ ከ0.052 እስከ 0.110 ኢንች፤ ካልተበጠሰ አይቀይረውም። ብሪጁን በሚሸፍነው ብረት ሥር ስፖንጅ ነበረው። የቀኝ እጁም አመልካች ጣት ብቻ ነው የሚመታው፤ ሙዚቀኞቹ ያቺን ጣት «መንጠቆው» ይሏት ነበር። ድምፁ የሚቀረጸው በማይክ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ በሚገባ ገመድ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አሮጌ ክር፣ ስፖንጅ፣ አንድ ጣት፣ አንድ ፒካፕ። ከዚህ ውስጥ የወጣው ግን ከዘፋኙ ጋር የሚነጋገር፣ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ነገር የሚናገር ቤዝ ነው። ሌሎች በሁለት ኖታ የሚያልፉትን ቦታ እሱ መሃሉን በግማሽ ድምፅ እየተራመደ ይሞላዋል፣ አንዱም ኖታ አይደበዝዝም።

ሁለት ፒካፕ ልጄ፣ «ሌላ ይዞ ቢሆን» ያልከውን አሰብኩበት። ጀመርሰን የሚያስበው በኮንትሮባስ ነው፤ ድምፁ አጭር፣ ወፍራም፣ ቶሎ የሚሞት እንዲሆን ይፈልጋል። ያንን ባሕርይ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ሊያገኝ የቻለው ፕሪሲሽን ስለፈቀደለት ነው። ሰውየውና መሣሪያው ተገናኙ እንጂ አንዱ ሌላውን በዕድል አላነሳውም። ሞታውን የሙዚቀኞቹን ስም ሸክላው ላይ የመጻፍ ልማድ ስላልነበረው ሰው ድምፁን ለዓመታት ሲሰማ ባለቤቱን አያውቅም ነበር፤ በ1971 የማርቪን ጌይ አልበም ሲወጣ ነው ስሙ የተጻፈለት። በ1983 በ47 ዓመቱ ሞተ። ያ ቤዝ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆበት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለ እኛም አንድ ነገር ልበል። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም አብረነው እናነጋለን። ሌሊት ሙሉ ስትጫወት ከመሣሪያህ የምትፈልገው ስምንት ዓይነት ድምፅ አይደለም። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ከድራሙ ጋር ተቆላልፎ የሚሄድ አንድ ድምፅ ነው። የአይቤክስን፣ በኋላም የሮሃን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን አድምጡት። በስድስት ስምንተኛው ምት ላይ አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ዘፋኙ ላይ አይወጣም፤ አንድ ኖታ ቢያነሳ ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቃሉ የማይለዋወጥ ቤዝ ነው የሚያስፈልገው።


ሚክስ_ላይ_ነኝ (አዲስ አበባ)፦

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ስለ ቀጥታው ገመድ የነገሩን ለእኔ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከሚክሰሩ ኋላ ነው የምቆመው፣ ከዚያ የሚታየኝን ልናገር።

ኢ ክር ባዶውን 41 ሄርዝ ነው። የስልክ ስፒከር ያንን ጨርሶ አያወጣውም፤ ትንሽ ሞንታርቦም ይከብደዋል። ታዲያ ሰው በስልኩ ሲያዳምጥ ቤዙን እንዴት ይሰማዋል? የሚሰማው እጥፎቹን ነው፦ 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚወጣውን። ጆሮ ከእነዚያ ተነስቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ በትንሽ ስፒከር ላይ ቤዙ እንዲኖር ከታች ብዙ ሄርዝ መጨመር ምንም አይረዳም፤ ከመሠረቱ በላይ ያለው አካባቢ ነው መሙላት ያለበት። የፕሪሲሽን ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ሞታውን ቤት የመኪና ሬዲዮ በሚመስል ትንሽ ስፒከር ሚክሳቸውን ይፈትኑ እንደነበር ሳስብ የጀመርሰን ቤዝ ለምን እንዲህ እንደሚሰማ ይገባኛል። ያኔ የመኪና ሬዲዮ፣ ዛሬ ስልክ፤ ችግሩ ያው ነው።

አሁን የእኛን መድረክ ውሰዱ። ኪክ (በእግር የሚመታው ድራም) አለ፣ ባህላዊ ከበሮ አለ፣ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ከታች ይጫወታል፣ ወንድ ዘፋኝም ወፍራም ድምፅ ይኖረዋል። ሁሉም የሚጋፉት ታችኛው ክፍል ላይ ነው። ጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒካፕ ሲከፈት መካከሉ ጎድጎድ ይላል፤ ታችና ላይ ያምራል። ብቻውን ሳውንድ ቼክ ሲያደርግ «ወይ ድምፅ!» ያሰኛል። ባንዱ በሙሉ ሲገባ ታችኛውን ኪኩና ከበሮው ይወስዱበታል፣ ላይኛውን ጊታሩና ኪቦርዱ ይወስዱበታል፣ የሚቀረው ያ የጎደጎደው መካከል ነው። ፕሪሲሽን ብቻውን ሲሰማ ትንሽ ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም ያስጠላል። ባንዱ ሲገባ ግን ቦታው እዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ከ40 ሄርዝ በታች ያለውን ቆርጬ፣ ትንሽ ኮምፕረስ አድርጌ (ከፍና ዝቅ የሚለውን ድምፅ አቀራርቤ) እተወዋለሁ። ከቤዝ ቻናል ላይ እጄን የማነሳበት ቀን ለእኔ ጥሩ ቀን ነው።

ሁለት ፒካፕ፣ የአምስተኛው ክር ነገር ግን እውነት አለው። ቢ 31 ሄርዝ ነው፤ ሙሉ ሰብዉፈር ባለበት አዳራሽ ሆድ ያንቀጠቅጣል። በተራ ሞንታርቦ ግን ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ ኖታ አይሰማም። ቦታውን አይተህ ተጠቀምበት።


ፍራንክፈርት_ቤዝ፦

ከሶል ሙዚቃ ውጭ ያለውም አይረሳ። የሄቪ ሜታል ባንዱ የአይረን ሜይደን ስቲቭ ሃሪስ የሚጫወተው ፕሪሲሽን ነው፣ በጣት፣ ያውም በጠፍጣፋ ክር፤ ድምፁ ግን ከሞታውን ጋር አይገናኝም፣ ክሩ ከፍሬቱ ጋር ሲጋጭ ይንኳኳል። የፓንክ ባንዱ የክላሽ ፖል ሲሞነን በ1979 አልበማቸው ሽፋን ላይ መድረክ ላይ የሚሰባብረውም ያንኑ ነው። ለስላሳም ሻካራም ለሚጫወት ሰው እኩል የሚመች ሌላ ቤዝ እስኪ ጥሩልኝ።


ባለአራት_ክር፦

ጋሼ፣ ስለ ጀመርሰን የጻፉትን ለባንዳችን ልጆች በሙሉ ልኬዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለት ፒካፕ፣ «ጆሯችን ስለለመደው ነው» ያልከው ብርቱ ክርክር ነው፤ እንዲህ ብዬ ልመልስልህ። ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቆየት የነበረበት የ1951ዱ ነው። ቀድሞ የወጣው እሱ ነው፣ ስድስት ዓመት መድረክ ላይ ቆይቷል፣ ተቀርጾበታል፣ አምፑም የተሠራው ለእሱ ነው። የ1957ቱ ሲመጣ ግን ተጫዋቹ ወደ አዲሱ ሄደ። በ1968 ኩባንያው የመጀመሪያውን መልክ ቴሌካስተር ቤዝ ብሎ መልሶ አወጣው፤ ወዳጆች አሉት፣ የ1957ቱን ቦታ ግን አልወሰደም። ሰው ሁለቱን አወዳድሮ ነው የመረጠው።

ሊዮ አልፎት ሄደ ስላልከውም፣ የሄደበትን ተመልከት። የ1965ቱ ባለ አምስት ክር ተጨማሪው ክር ከላይ የገባ ነው፣ ሲ፤ ፍሬቱም 15 ብቻ። አንተ ከታች የምትፈልገውን እሱ ከላይ ሰጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ጃዝ ቤዝና ስቲንግሬይ ግን ኖሩ፣ ሁለቱም ታላቅ መሣሪያ ናቸው፣ አልክድም። አንዳቸውም ግን ፕሪሲሽኑን አላስቀሩትም፤ ጎኑ ቆሙ እንጂ። ሊዮ መሐንዲስ ነው፣ መሐንዲስ ነገር ሲያገኝ ሳይነካ አያልፍም። ተጫዋቹ ደግሞ የሚሠራለትን ሲያገኝ ይይዛል። ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት የተለያየ ነው፤ ሠሪው መንቀሳቀሱ የመሣሪያው ጉድለት ምስክር አይሆንም።

የአካሉንም ቅርጽ መርሳት የለብንም። ያ ረጅም የላይኛው ቀንድ ለውበት የወጣ አይደለም፤ ማሰሪያው ወደ 12ኛው ፍሬት ተጠግቶ እንዲታሰርና ረጅሙ ኔክ እንዳይዘቀዘቅ ነው። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ሁለት ቀንዱን የወሰደው ከዚህ ቤዝ ነው፤ ቤዙ ደግሞ በዚያው ዓመት ክንድና ጎድን የሚያርፍበትን ልሙጥ ጠርዝ ከእሱ ወሰደ። ቆሞ ለሚያመሽ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።


ሁለት_ፒካፕ፦

የ1951ዱን ጉዳይ በደንብ አምጥተኸዋል፤ እሱን ተቀብያለሁ። ሰው አወዳድሮ እንደመረጠ ይታየኛል።

«ቦታው» ላይ ግን አሁንም አንድ ቅሬታ አለኝ። ስፔክተርና ዋርዊክ ሁለቱን ግማሾች ገልብጠው የሚያስገቡባቸው ሞዴሎች አሏቸው፤ የወፍራሞቹ ክሮች ግማሽ ወደ ብሪጁ፣ የቀጫጭኖቹ ወደ ኔኩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ኢ ክር ጠንከር እንዲል፣ ጂ ክር (ቀጭኑ) እንዳይሳሳ። እኔ ፕሪሲሽን ስይዝ የሚያስቸግረኝ ልክ እሱ ነው፣ ጂ ላይ ስወጣ ድምፁ ይቀጥንብኛል። ቦታው እንከን የለውም ከተባለ እነሱ ለምን ገለበጡት?

ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹን ጃኮ ፓስቶሪየስን ሳላነሳ አላልፍም። የ1962 ጃዝ ቤዝ፣ ፍሬቱ የተነቀለ፣ የኋላው ፒካፕ ተከፍቶ። ያ የሚያለቅስ ድምፅ ከፕሪሲሽን አይወጣም። ለትዝታ ቅኝት እንደዚያ የሚያንሸራትት ቤዝ ሳስብ ልቤ የሚሄደው እዚያ ነው።


ካቻቪቴ፦

የተገለበጠውን ለደንበኛ ሠርቼ ሰምቼዋለሁ። እውነትህን ነው፣ ኢ ክር ይጠብቃል፣ በፒክ ለሚመታ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ የሚሞላው ሆድ ይቀንሳል፤ ደንበኛውም በኋላ የድሮውን ናፍቆ መጣ። የጂ ክር መሳሳት የሚያስቸግርህ ከሆነ እንጨት ሳትቆርጥ በፊት የፒካፑን ከፍታ አስተካክል። የቀጫጭኖቹን ግማሽ በካቻቪቴ ትንሽ ከፍ፣ የወፍራሞቹን ትንሽ ዝቅ። ሁለት ለየብቻ የሚቆሙ ቁራጮች መሆናቸው ለዚህ ይመቻል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ነው መሣሪያ የሚቀይረው።

ከኋላ የጃዝ ፒካፕ ጨምርልኝ የሚሉም ይመጣሉ። ሁለቱን ዓለም የሚፈልግ ሰው ይህን ያድርግ፣ ጥሩ ይሆናል። ያ የኋላው ለብቻው ሲከፈት እንደሚያጉመጉም ግን አስቀድማችሁ እወቁ። አሮጌ አካል ላይ ጉድጓድ ቆፍሩልኝ ካላችሁኝ ደግሞ እምቢ እላለሁ።


ገና_ጀማሪ፦

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ያገለገለ ፕሪሲሽን ቅርጽ ያለው ቤዝ አግኝቻለሁ፣ ዋናው ፌንደር ሳይሆን በዚያው ልክ የተሠራ። እንደ ጀመርሰን ያንን ወፍራም ጠፍጣፋ ክር ልግጠምበት ወይስ ይቅርብኝ?


አንጋፋው_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ልጄ፣ 0.110 ለአንተ ከባድ ነው፤ ጣትህን ይጎዳዋል፣ ኔኩንም ይጎትተዋል። ጠፍጣፋ ክር ከፈለግህ ከ0.045 እስከ 0.105 ያለውን ያዝ፣ ለመዝሙር ተስማሚ ነው። ቶኑን ግማሽ ድረስ ዝጋው። አንድ ቀጭን ስፖንጅ ብሪጁ አጠገብ በክሮቹ ሥር አስገባና አንድ መዝሙር በሙሉ ባዶ ኖታዎችን ብቻ ከኪኩ ጋር እኩል ለመምታት ሞክር። ኖታው ሲጀምር ብቻ ሳይሆን ሲያልቅም ከድራሙ ጋር ማለቁን ስማ።


ካቻቪቴ፦

ጋሼ ካሉት ጋር፦ ክሩን ከቀየርክ በኋላ አንድ ቀን አሳድረውና ኔኩን ተመልከት። ኢ ክርን በአንድ እጅህ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫነውና መሃል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ ያለውን ክፍተት እይ። ወፈር ያለ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከሰፋ የብረት ዘንጉን በቀኝ በኩል ሩብ ዙር ብቻ አጥብቀው፣ ጠብቅ፣ ደግመህ ለካ። እምቢ ካለህ አታስገድደው፤ የኔኩን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ።


ሚክስ_ላይ_ነኝ፦

ገና ጀማሪ፣ ቸርቻችሁ ውስጥ ቤዝ አምፕ ከሌለ አትጨነቅ። ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ካለ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ግባ፣ ፕሪሲሽን በዚያ መንገድ አያሳፍርም። የመጀመሪያውን ልምምድ በስልክህ ቅረጽና እዚያው በስልኩ ስፒከር አዳምጠው። በእሱ ላይ ኖታዎችህን ለይተህ ከሰማህ አዳራሹም ይሰማሃል።